ቤዝመንት ውስጥ የትኛው ስልክ ይጠራል?

ቅዳሜ ጠዋት

የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ቤዝመንት። የታወር ኔትወርክ ደረጃው ላይ ደርሶ ይመለሳል፣ ወደ ታች አይወርድም። ዋይፋይ ግን አለ። ስለዚህ እዚህ ቤት ስልክ የሚያስደውለው ዋይፋይ ኮሊንግ፣ ማለትም በታወር ፋንታ በዋይፋይ በኩል በራስ ቁጥር መደወል፣ ብቻ ነው። ችግሩ አንዱ ስልክ ላይ እንደ ልብ ይሠራል፣ ሌላው ላይ ደግሞ «ስደውል ለምን አታነሳም?» እያስባለ ከሰው ያቀያይማል። የእኔ ሥራ ደግሞ በተጠባባቂነት ነው። ያልተነሳ ስልክ ማለት ያመለጠ ሺፍት ማለት ነው።

ስለዚህ ቤት ውስጥ ያሉትን ስልኮች ሰብስቤ አንድ በአንድ ልፈትሻቸው ተነሳሁ። ጠረጴዛው ላይ ያሉት እነዚህ ናቸው፦ የእኔ ፒክስል (የጉግል አንድሮይድ ስልክ)፣ አብሮኝ የሚኖረው ልጅ ሳምሰንግ ጋላክሲ፣ የእህቴ አይፎን፣ መሳቢያ ውስጥ የነበረ ስክሪኑ የተሰነጠቀ አሮጌ አንድሮይድ፣ እና አክስቴ ከአዲስ አበባ ይዘውት የመጡት ስልክ። የመጨረሻዎቹን ሁለቱን በብራንድ ስም አልጠራቸውም። ጉዳዩ የብራንድ አይደለም፣ ለምን እንደሆነ ስደርስበት እጽፈዋለሁ።

መጀመሪያ የታወሩን ጉልበት ለካሁ። አይፎን ላይ *3001#12345#* ብላችሁ ስትደውሉ የሙከራ ገጽ ይከፈታል። ፒክስል ላይ *#*#4636#*#* ነው። ቁጥሩ በዲቢኤም ይነበባል፣ ሁልጊዜ ከዜሮ በታች ነው፣ ወደ ዜሮ በቀረበ መጠን ይሻላል። ውጭ በሩ ላይ −92 ነበር። አልጋዬ አጠገብ −121። እዚህ ቁጥር ላይ ስልክ ኔትወርክ ያለው ይመስላል እንጂ አያስደውልም።

ይህቺን «ይመስላል» ያዙልኝ። ኔትወርኩ ጭራሽ ባይኖር ኖሮ ነገሩ ይቀል ነበር። ስልኩ ተስፋ ቆርጦ ወደ ዋይፋይ ይሄዳል። አንዲት ቀጭን መስመር ስትቀር ግን አንዳንዱ ስልክ እሷን ሙጥኝ ይላል።

ቅዳሜ ከሰዓት

አብሮኝ የሚኖረው ልጅ መጥቶ «ዋትስአፕ እያለ ይህ ሁሉ ምንድን ነው?» አለኝ። ጥያቄው ተገቢ ነው።

ዋይፋይ ኮሊንግ መተግበሪያ የለውም። በራሳችሁ ቁጥር ነው የምትደውሉት። የሚያነሳው ሰው ተራ የቤት ስልክ ቢኖረውም ይደርሰዋል። ስልኩ በቤታችሁ ኢንተርኔት ላይ አይፒሴክ የሚባል የተመሰጠረ መስመር ዘርግቶ እስከ ስልክ ድርጅታችሁ በር ድረስ ይሄዳል። በሩ ኢፒዲጂ ይባላል። እዚያ ሲደርስ ማንነቱን በሲም ካርዱ ያስመሰክራል። ካለፈ በኋላ ድርጅቱ ታወር ሥር እንደቆመ ደንበኛ ያየዋል። የባንክ ኮድ የሚመጣበት አጭር መልእክትም በዚያው መስመር ይገባል። ዋትስአፕ ይህን አያደርግም። ሆስፒታሉም፣ የልጅ ትምህርት ቤቱም፣ አሠሪውም የሚደውሉት በቁጥር ነው።

አዲስ ነገር አይደለም። ቲ-ሞባይል የተባለው የስልክ ድርጅት አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2007 በሌላ ዓይነት ቴክኒክ ጀምሮት ነበር። አይፎን ላይ የገባው በ2014 ከአይኦኤስ 8 (የአይፎን ሶፍትዌር) ጋር ነው። ሌሎቹ የስልክ ድርጅቶች፣ ኤቲ ኤንድ ቲ እና ቬራይዘን፣ በ2015 ተከተሉ።

አሁን ወደ ሴቲንግ። ፒክስል ላይ ኔትወርክ ውስጥ ገብታችሁ ሲሙን ስትነኩ ዋይፋይ ኮሊንግ ይመጣል፣ ከሥሩ ምርጫ አለ፦ በዋይፋይ ይደወል ወይስ በታወር? ሳምሰንግ ላይ ከስልክ መደወያው ሴቲንግ ውስጥ ነው የሚገኘው። ምርጫው እንደ ስልክ ድርጅቱ ቢለያይም በዚህኛው ላይ አለ። ሁለቱንም «ዋይፋይ ይቅደም» አደረግኳቸው።

አይፎን ላይ ያለው ማብሪያና ማጥፊያ ብቻ ነው። ይቅደም፣ ይከተል የሚባል ነገር የለም። ውሳኔው የራሱ ነው። የእህቴ አይፎን አልጋዬ አጠገብ ተቀምጦ በዚያች በቀጨጨች መስመር ላይ ቆየ። መላው ኤርፕሌን ሞድ ማብራትና ከዚያ ዋይፋዩን ብቻ መልሶ መክፈት ነው። ታወሩን ሲያጣ ወዲያው ወደ ዋይፋይ ኮሊንግ ገባ፣ ላይ ካለው የድርጅቱ ስም አጠገብም «ዋይፋይ» የሚል ቃል ብቅ አለ። እህቴ ግን «ስወጣ ማጥፋቱን ማን ያስታውሰኛል?» አለች። እውነቷን ነው። ከቤት ወጥታ ኤርፕሌን ሞድ ላይ ብትረሳው ቀኑን ሙሉ የሚያገኛት የለም።

ዋይፋይ ኮሊንግ ሲከፈት የ911 (የአሜሪካ የድንገተኛ አደጋ ስልክ) አድራሻ ሙሉ ይላል። ብዙ ሰው በችኮላ ያልፈዋል። አትለፉት። በታወር ስትደውሉ የት እንዳላችሁ ለማወቅ ታወሩ ይረዳል። በዋይፋይ ስትደውሉ ግን አምቡላንሱ ሊላክ የሚችለው እዚህ ወደጻፋችሁት አድራሻ ነው። የቤት ቁጥሩን ብቻ መጻፍ አይበቃም። «ቤዝመንት፣ በኋላ በር» ብዬ ሁለተኛው መስመር ላይ ጨመርኩ። ቤት ስትቀይሩም መቀየር አለበት። ለሙከራ ብሎ 911 መደወል እንደማይገባ መናገር ያስፈልጋል እንዴ? እንግዲህ ተናገርኩ።

እሁድ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ

የድምፅ ጥራት የሚለካበት መላ ፈልጌ የእህቴን ልጅ ሥራ ሰጠኋት። ሰንበት ትምህርት ቤት ፊደል እየተማረች ነው። እሷ ላይ ቤት ሆና በስልክ ከ«ሀ ሁ ሂ» ጀምራ ትቆጥራለች፣ እኔ ታች እየዞርኩ አዳምጣለሁ። ቅደም ተከተሉን ስለማውቀው የጠፋው ወዲያው ይታወቀኛል። «ለ ሉ ሊ» ብላ «ሎ» ከመጣ ሦስቱ ተበልተዋል ማለት ነው። «ሃሎ፣ ሃሎ፣ ይሰማል?» ከማለት በብዙ ይሻላል። ሰው «ይሰማል» የሚለው ግማሹን እየገመተም ነው።

አልጋው ጋ አንድም አልጠፋም፣ በአራቱም ስልኮች (የአክስቴ ተራው ገና ነው)። ሻወር ቤት ሁለት ሦስት። ማሞቂያው ያለበት ጥግ ስደርስ ግን ከ«ሐ» ዘለን «ሠ» ላይ ደረስን። እዚያ ጥግ ትልልቅ የቆርቆሮ ቱቦዎች ጣሪያውን ሞልተውታል። ራውተሩ ደግሞ ላይ ቤት ሳሎን ነው ያለው። የዋይፋዩ ጉልበት −79 ይላል። በዚህ ሙያ ያሉ ሰዎች ለድምፅ −67 ወይም ከዚያ የተሻለ ይፈልጋሉ። በ−79 ዩቲዩብ ይታያል፣ ቪዲዮው ቀድሞ ትንሽ ስለሚያጠራቅም። ስልክ የሚያጠራቅመው የለውም።

ከዚያ ደረጃውን መውጣት። ዋናው ፈተና ይህ ነው፦ እያወራችሁ ከዋይፋይ ወጥታችሁ ወደ ታወር ስትሻገሩ ጥሪው ይቆረጣል ወይ? ሦስቱ አዳዲስ ስልኮች ተሻገሩ (አይፎኑ ኤርፕሌን ሞዱ ጠፍቶ)። ሁለት ፊደል ያህል ጠፍቶ ቀጠለ። የሚሻገሩት ታወሩም ድምፅን በ4ጂ ወይም በ5ጂ ስለሚያስተናግድ ነው፣ ሁለቱም መንገዶች የሚገናኙት ድርጅቱ ውስጥ አንድ ቦታ ላይ ነው። አሮጌው አንድሮይድ ሦስተኛው ደረጃ ላይ «ጥ» ብሎ ተቋረጠ። እንደገና ሞከርኩት፣ ያው ነው። ዋይፋዩ እስኪሞት ድረስ አይለቅም፣ ሲለቅ ደግሞ ጊዜው አልፏል።

ወደ ታች ስንወርድ ሁሉም ይዘገያሉ። ታወሩ ላይ እንዳሉ እየተቆራረጡ ጥቂት እርምጃ ይሄዳሉ፣ ከዚያ ነው ዋይፋዩ ትዝ የሚላቸው። አሁን መኪና አቁሜ ስገባ ወሬዬን በር ላይ ጨርሼ እወርዳለሁ።

ሰኞ ማታ

እስካሁን የሞከርኩት እየደወልኩ ነው። ስልክ በእጅ ሲያዝ ንቁ ነው፣ ስክሪኑ በርቷል፣ ዋይፋዩ ነቅቷል። እኔን የሚያስቸግረኝ ግን የሚደወልልኝ ጥሪ ነው። ስለዚህ አራቱንም ቆለፍኳቸው፣ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግተው ተኙ። ከሰዓታት በኋላ እህቴ ከሥራ ቦታዋ በየተራ ደወለች።

ፒክስልና ሳምሰንግ ጠሩ። አይፎኑ ኤርፕሌን ሞድ ላይ ነበር፣ ጠራ። አሮጌው አንድሮይድ ዝም። እህቴ ያገኘችው ቮይስሜይል ነው። ስክሪኑን ስነካው ነቅቶ «ያመለጠ ጥሪ» እንኳን አላለም።

ማክሰኞ

ለምን ዝም እንዳለ ስቆፍር ዋልኩ። ያ የተመሰጠረ መስመር የሚሄደው ዩዲፒ በሚባል የኢንተርኔት መላላኪያ ዘዴ፣ በ500 እና በ4500 ቁጥር ፖርቶች (መተላለፊያ በሮች) ነው። ራውተር ደግሞ ዩዲፒን ለዘላለም አያስታውስም። ጥቂት ጊዜ ምንም ነገር ካላለፈበት መንገዱን ይረሳዋል። ከውጭ የሚመጣው ጥሪ ራውተሩ በር ላይ ሲደርስ የማን እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ይህ እንዳይሆን ስልኩ በየ20 ሰከንዱ ገደማ «አለሁ» የምትል ትንሽ ነገር መላክ ይጠበቅበታል። ባትሪ ለመቆጠብ በጥልቀት የሚተኛ ስልክ ግን ይህቺን ይዘላታል።

የቤታችን ራውተር ፋየርዎል ገጽ ላይ የዩዲፒ ታይምአውት (መንገዱን እስኪረሳ የሚቆይበት ጊዜ) 30 ሰከንድ ነበር። ወደ 300 ከፍ አደረግኩት። አሮጌው ስልክ ላይ ደግሞ ዋይፋይ ሲተኛም እንዳይጠፋ አደረግኩ። ማታ ተደወለለት፣ ጠራ። ከዚህ በኋላም አንዳንዴ ያመልጠዋል፣ ግን ከበፊቱ ጋር አይወዳደርም። ፒክስሉን ከሳምሰንጉ፣ ከአይፎኑ ከማወዳደር ይልቅ ይህቺ አንዲት ቁጥር የበለጠ ለውጥ አመጣች።

ስልካችሁ ስትደውሉ እየሠራ ሲደወልላችሁ ግን ዝም የሚል ከሆነ መጀመሪያ ይህቺን እዩ። የሥራ ቦታ ወይም የሆቴል ዋይፋይ ላይ ጭራሹኑ እምቢ ካለ ደግሞ እነዚያ ሁለት ፖርቶች ተዘግተው ይሆናል። እዚያ ላይ ስልክ መቀየር ዋጋ የለውም።

ረቡዕ ማታ

ዛሬ ከአሠሪዬ ጋር እያወራሁ «ድምፅህ ሮቦት ሆነ» አለችኝ። እኔ እሷን ጥርት አድርጌ ነው የምሰማት። አንድ ወገን ብቻ ሲበላሽ ፍንጭ ነው፣ ከእኔ የሚወጣው መንገድ ተጨናንቋል ማለት ነው።

ላይ ወጥቼ የቤቱን ባለቤት ጠየቅኳቸው።

«ጋሼ፣ አሁን ኢንተርኔት ላይ የሚጭኑት ነገር አለ?»

«የልጅ ልጄን የክርስትና ቪዲዮ ነዋ! ለአዲስ አበባዎቹ እየላክሁ። ምነው፣ ዘጋሁብህ እንዴ?»

ዘግተውብኛል። የእኛ ኢንተርኔት በኬብል ነው። ወደ እኛ የሚመጣበት (ዳውንሎዱ) ሰፊ፣ ከእኛ የሚወጣበት (አፕሎዱ) ጠባብ። የክርስትናው ቪዲዮ ጠባቧን በር ሞልቷታል። የእኔ ድምፅ እንደ ሜክሲኮ የታክሲ ሰልፍ ከኋላ ቆሞ ተራ ይጠብቃል፣ ተራው ሲደርስ ቃሉ ጊዜው አልፎበታል። ፒንግ (መልእክት ደርሶ እስኪመለስ የሚፈጀውን ጊዜ) ስለካ ብዙ ጊዜ ሃያ ሚሊሰከንድ ገደማ የሚለው ከ600 በላይ ሆነ።

ልብ በሉ፣ ድምፅ ብዙ ቦታ አይፈልግም። ኤችዲ ቮይስ የሚባለው ጥራት ቢበዛ 23.85 ኪሎቢት በሰከንድ ነው። በሰከንድ 50 ጥቃቅን ጥቅል እየሆነ፣ የምስጠራው መጠቅለያ ተጨምሮበት እንኳን ከ100 ኪሎቢት አይበልጥም። ስለዚህ «300 ሜጋቢት ነው የምከፍለው» ማለት እዚህ ላይ ምንም አይፈይድም። የሚፈለገው ጥቅሉ በሰዓቱ መውጣቱ ነው።

ራውተሩ ላይ ኤስኪውኤም የሚባል ወረፋ አስተካካይ አለ። አፕሎዱን ከለካሁት ፍጥነት 90 ከመቶ ላይ ገደብኩት። ጋሼን «እስቲ ቪዲዮውን እንደገና ይላኩት» አልኳቸው። ደስ ብሏቸው ላኩ። እኔ ታች ሆኜ ፊደል ቆጠርኩ፣ የእህቴ ልጅ በተራዋ አዳመጠችኝ። «አልጠፋም፣ ግን ጰ ላይ ተሳስተሃል» አለችኝ። ፒንጉ 30ን አላለፈም።

ዓርብ

የአክስቴ ስልክ። ከአዲስ አበባ የመጣ፣ ሁለት ሲም የሚይዝ፣ ባትሪው ለሁለት ቀን የሚበቃ፣ የሚያስቀና ስልክ ነው። የአሜሪካ ሲም ገብቶበታል፣ ውጭ ላይ ይደውላል። ግን ሴቲንጉን ከላይ እስከ ታች ብበረብር ዋይፋይ ኮሊንግ የሚል ነገር የለበትም።

የኢትዮጵያ ገበያ ስልክ ስለሆነ አይደለም። ስልክ ዋይፋይ ኮሊንግ እንዲሠራ የዚያ የስልክ ድርጅት ማስተካከያ ሶፍትዌሩ ውስጥ ተዘጋጅቶ መግባት አለበት፣ ድርጅቱም በበኩሉ ያንን ሞዴል መቀበል አለበት። ለሌላ አገር የተሠራ ስልክ ላይ ለዚህ አገር ድርጅት የተዘጋጀ ነገር ላይኖር ይችላል። ከአውሮፓም፣ ከዱባይም የመጣ ስልክ ይህ ሊገጥመው ይችላል፣ ውድ የሚባለውም ሳይቀር። ኤቲ ኤንድ ቲ እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2022 የ3ጂ ኔትወርኩን ሲዘጋ ከአገልግሎቱ ጋር የሚሄዱትን ስልኮች ዝርዝር አውጥቶ ነበር። ከውጭ ስልክ የምታመጡ ሰዎች ከመግዛታችሁ በፊት ድርጅታችሁ ገጽ ላይ የስልኩን አይኤምኢአይ (መለያ) ቁጥር አስገብታችሁ እዩ። *#06# ብትደውሉ ቁጥሩ ይወጣል።

ሰዎች የተደበቀውን ሴቲንግ በኮምፒውተር ገመድ ሰክቶ በግድ የሚከፍት መላ አላቸው። ሞከርኩት። ምናሌው ወጣ፣ በራ፣ ግን አልተመዘገበም። የሆስፒታል ቀጠሮ ያላቸው ሴት ስልክ ላይ ከዚህ በላይ መነካካት ተገቢ አልመሰለኝም።

ሲማቸውን አውጥቼ እህቴ ያስቀመጠችው አሮጌ አይፎን ውስጥ ከተትኩት። አክስቴ አገላብጠው አዩት።

«ይሄ ደግሞ ፊደሉ ጉንዳን ያክላል።»

ጽሑፉን አሳደግኩላቸው። አብዛኛውን ጊዜ ከቤት ስለማይወጡ ኤርፕሌን ሞድ ላይ፣ ዋይፋይ ተከፍቶ ይቀመጣል። የድሮው ስልካቸውም ከኢትዮጵያ ሲሙ ጋር አጠገባቸው አለ፣ ቴሌግራምና የዘመዶች ፎቶ በዚያ ላይ ነው። ሁለቱንም በአንድ ቦርሳ ይዘው ይዞራሉ።

ቅዳሜ

የማሞቂያው ጥግ ቀረኝ። የዋይፋይ ማጉያ ልገዛ ነበር፣ ተውኩት። ከአየር ተቀብሎ በአየር የሚያስተላልፍ ነገር ድምፁን የበለጠ ያዘገየዋል። በጋሼ ፈቃድ ከሳሎኑ ራውተር የኔትወርክ ኬብል በልብስ ማጠቢያው ክፍል በኩል አወረድኩ። ጫፉ ላይ ሁለተኛ አክሰስ ፖይንት (ዋይፋይ የሚያሠራጭ ሳጥን) ሰካሁ፣ ስሙንና የይለፍ ቃሉን ከላይኛው ጋር አንድ አደረግኩ። ማሞቂያው ጥግ አሁን −58 ይላል። 5 ጊጋኸርዙ ላይ ነው። 2.4ቱን ለአሮጌው ስልክ ተውኩለት፣ ማይክሮዌቭ ሲበራ ግን ይንተባተባል።

ከታች ወደ ላይ ቤት ሲወጣ ከአንዱ ዋይፋይ ወደ ሌላው መሻገሩን በፊደል ፈተንኩት። ሳምሰንጉና አይፎኑ ላይ አልተሰማኝም። ፒክስሉ ላይም እንደዚያው። አሮጌው ወደ ላይ ሲወጣ የታችኛውን ይዞ ይሄዳል፣ ወጥ ቤት ሲደርስ ይነጥቀዋል። ከመሳቢያው ወጥቶ ወደ መሳቢያው ይመለሳል፣ ሌላ መላ የለውም።

ቢል ሲመጣ

አብሮኝ የሚኖረው ልጅ «በዋይፋይ ከሆነ አዲስ አበባ በነፃ ነዋ?» ብሎ ነበር። ለማሳየት ከፒክስሉ +251 ብዬ አጭር ጥሪ ደውዬ ነበር። ቢሉ ላይ እንደማንኛውም የውጭ አገር ጥሪ ተቆጥሮ መጥቷል። የሚደወለው ቁጥር የት አገር ነው የሚለው ነው ሂሳቡን የሚወስነው፣ መነሻው ዋይፋይ መሆኑ አይደለም። ወደ ውጭ መደወል የተካተተበት ፓኬጅ ከሌላችሁ ለአገር ቤቱ ቴሌግራምና ዋትስአፕ ይቀጥሉ።

በተቃራኒው ግን ይጠቅማል። የአሜሪካ ሲም ይዛችሁ አዲስ አበባ ሄዳችሁ ዋይፋይ ላይ ሆናችሁ ወደ አሜሪካ ቁጥር ስትደውሉ ትልልቆቹ ድርጅቶች እንደ አገር ውስጥ ጥሪ ነው የሚቆጥሩት። የባንክ ኮዱም በዚያው ይገባል። ከመሄዳችሁ በፊት እዚህ እያላችሁ አብሩት፣ አድራሻውን ሙሉ፣ አንድ ጊዜ ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርጋችሁ ደውሉና አረጋግጡ። እዚያ ደርሶ ከዜሮ መጀመር ጣጣ አለው። እህቴ ለገና ስለምትሄድ የእሷን ዛሬ አድርጌላታለሁ። ጋሼም ስልካቸውን ይዘው ወርደዋል፣ የይለፍ ቃሉን ግን ረስተውታል፣ አሁን እሱን እየፈለግን ነው።